በታፔላው ላይ የጎደለው ቃል

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1950 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ በእጄ ላሳደግሁህ ለገነነ ወልደሥላሴ።

ብርዱ ሳይደፍርህ፣ ትምህርቱም ሳይከብድህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ጉልበቴን ትንሽ ከሚያመኝ በቀር ደኅና ነኝ። ጊዮርጊስ ጎረቤቴ ነው፣ አይረሳኝም።

ወሬውን አስቀድሜ ልንገርህ። ከአቶ ከበደ ሱቅ ወጣሁ። ባለቤቴ ወልደገብርኤል ከሞተ ጀምሮ አሥራ ሦስት ዓመት እሳቸው ከፊት ሲሸጡ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ስቀጠቅጥ ኖርኩ፤ በቃኝ። ስሰናበታቸው አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፤ ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አሁን ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ስትወርድ፣ በልብስ ሰፊውና በሰዓት አዳሹ መካከል ያለችውን አንዲት በር ተከራይቻለሁ። ጠባብ ናት። ወናፉና መቀጥቀጫው መስፍ ከገቡ ለደንበኛ የሚተርፈው አንድ ወንበር ብቻ ነው። መጋረጃ ግን የላትም።

ታፔላዬን የሚጽፍልኝ አብዱልሃሚድ ይባላል። በአራት ቋንቋ ይጽፋል፣ በአንዱም አያነብም እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ደግሞ «ሐኪም የሚያክመውን በሽታ ሁሉ ታሞ ያውቃል እንዴ?» ይላቸዋል። ከላይ በአማርኛ «አሰፋች ገብረትንሣኤ፣ የወርቅና የብር ሥራ» ብሎ ጽፎልኛል። ከሥር ደግሞ ስሜን በእንግሊዝኛ አስቀምጦ ከስሜ ቀጥሎ የሚገባውን ቃል ጠየቀኝ። የመንገዱ ሱቆች ሁሉ «ጁወለር» ነው የሚሉት አለኝ። አንዲት እንግሊዛዊት መምህርት ግን አለች፣ በአቶ ከበደ ቤት ሳለሁ አንድ ቀን መጋረጃውን ገልጣ አየችኝና «ጎልድስሚዝ» አለችኝ። ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

እንግዲህ አንተ እዚያው ቋንቋው መሀል ነህና የሁለቱን ቃላት ልዩነት፣ የቱ ለማን እንደሚባል ጻፍልኝ። አብዱልሃሚድን ቦታውን ባዶ ተወው ብዬዋለሁ። ቃሉን ሳላውቅ ምንም አይጽፍም።

ሌላ አንድ ነገር። የወልደገብርኤል ሞረድ ጥርሱ አልቆ እንደ ምላስ ሆኗል። እጀታው ሥር ያለውን ጽሑፍ ሰዓት አዳሹ ሲያነብልኝ «ሼፊልድ» ይላል። ለካ ያንተን ከተማ ከሃያ ዓመት ጀምሮ በእጄ ይዤዋለሁ። አንድ ጎኑ ክብ፣ አንድ ጎኑ ዝርግ የሆነውን ብታገኝ ላክልኝ።

ያባትህ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ።

አክስትህ አሰፋች ገብረትንሣኤ

~

ሼፊልድ፣ ኅዳር 14 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ አሰፋች።

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ለእግዚአብሔር ክብር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። በያዝኩት የብረታ ብረት ትምህርት ያለፈውን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፌአለሁ። የማድርበት ቤት ባለቤት ሚስስ ስሚዝ የሚባሉ ደግ አሮጊት ናቸው፤ ሹራብ ሠርተው ሰጥተውኛል።

ሱቅ በመክፈትዎ እንኳን ደስ አለዎ። የጠየቁኝን ቃላት ጉዳይ እንደሚከተለው አስረዳለሁ። «ጎልድስሚዝ» የሚባለው ወርቅን በእጁ አቅልጦ፣ ቀጥቅጦ ቅርጽ የሚያወጣ ሰው ነው። ብር ጨምሮ ቢሠራም ስሙ አይለወጥበትም። «ጁወለር» ግን ሰፋ ያለ ቃል ነው። ቀለበትና ዕንቁ፣ አንዳንዴም ሰዓት ጭምር፣ በመስተዋት ውስጥ ደርድሮ የሚሸጥ ማለት ነው። ከነዚህም ውስጥ ራሱ የሚሠራ አለ፣ መዶሻ ይዞ የማያውቅም አለ። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። በአነጋገር ደረጃ «ይህን ቀለበት ጁወለር ዘንድ ገዛሁት» ይላሉ። «ይህን ጽዋ የሠራው ጎልድስሚዝ እገሌ ነው» ይላሉ።

የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ፣ ለታፔላ የሚሻለው «ጁወለር» ነው። በትልልቅ ከተሞች፣ ባማሩ ጎዳናዎች ላይ ያሉ ሱቆች ሁሉ የሚጽፉት ይህንኑ ነው። የውጭ አገር ሰው ባንድ ጊዜ ይገባዋል። ዘመናዊም ነው። ሁለተኛው ቃል የቆየ ነው፤ የጢስና የከሰል ሽታ አለበት። የሱቅዎን ክብር ከፍ የሚያደርግ አይመስለኝም። ስለዚህ ሳይዘገዩ «ጁወለር» ብለው ቢያስጽፉ መልካም ነው።

ታፔላው ሲሰቀል የሱቁን ፊት ፎቶግራፍ አስነሥተው ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ሞረዱን እጠይቃለሁ።

ታዛዥ ልጅዎ ገነነ

~

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1950 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገነነ።

እንኳን ለገና አደረሰህ። ፈተናህን በማለፍህ እልል ብያለሁ፤ ልብስ ሰፊው ደንግጦ መርፌ እጁ ላይ ሰካ። ሹራብ የሠራችልህን ሴት እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዳኛ ፊት የቆመ ነገረ ፈጅ ትመስላለህ። ሁለቱን ቃላት አስረዳ ብልህ አንዱን ከሰስኸው፣ ሌላውን አጥበህ ሰጠኸኝ። ይሁን። እኔ ግን የያዝኩት ምሳሌህን ነው። አንዱ ሲነሣ «ገዛሁ» ይባላል፣ ሌላው ሲነሣ «ሠራ» ይባላል ብለሃል። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ነግሬህም አላውቅ። የዛሬ አራት ዓመት አንዲት የፈረንጅ ሚስት አቶ ከበደ ሱቅ ገብታ አንድ አምባር አነሣች። ያን አምባር ስሠራ ሽቦውን እንደ ጥጥ ክር አቅጥኜ፣ ጠምዝዤ፣ በትንፋሼ እሳት እየነፋሁ አንድ ጾም ሙሉ ተቀምጬበታለሁ። አውራ ጣቴ እስካሁን ጠባሳው አለበት። ሴትዮዋ ማን ሠራው አለች። አቶ ከበደ «ከሮም የመጣ ነው» አሏት። እኔ እኮ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ። «እኔ ነኝ» ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ያን ቀን አንጀቴ አረረ። በአቶ ከበደም አይደለም፣ እሳቸው ነጋዴ ናቸው። አፌን በዘጋሁት በራሴ ነው።

እንግዲህ ባንተው አተረጓጎም ከፊት የነበሩት እሳቸው ጁወለር፣ ከኋላ የነበርኩት እኔ ጎልድስሚዝ ነን። የታፔላው አማርኛ «የወርቅ ሥራ» ብሎ ሥራውን ጠርቶ ሠሪውን ይደብቅልናል። እኛም በዚያ ተጠልለን ኖርን። እንግሊዝኛው ግን ይለያል አልከኝ፣ እኔም ወደድኩት።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። በሬ ላይ «ጁወለር» የሚለውን ያነበበ ሰው፣ በዚህች ቤት ያለውን ዕቃ እኔው በእጄ እንደሠራሁት ያውቃል ወይ? ያውቃል ወይም አያውቅም በለኝ። አብዱልሃሚድ በየሳምንቱ ብሩሹን ይዞ ይመጣና ባዶውን ቦታ አይቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ሻዩን እኔ ነኝ የምከፍለው።

ሞረዱን እንዳትረሳ።

አክስትህ አሰፋች

~

ሼፊልድ፣ የካቲት 30 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ አሰፋች።

ጤና ይስጥልኝ። መልሴ ከሁለት ወር በላይ በመዘግየቱ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አያውቅም። «ጁወለር» የሚለውን ያነበበ ሰው በእጅዎ እንደሚሠሩት አያውቅም። ይህን የዛሬ አራት ወር ልጽፍልዎ ይገባኝ ነበር። ያልጻፍኩበትን ምክንያት ዛሬ እነግርዎታለሁ።

ከአገር ከመውጣቴ በፊት የማውቃት አንዲት ልጅ አለች። አዳነች ትባላለች። መሥሪያ ቤት ውስጥ በታይፕ ጸሐፊነት ትሠራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ተጻጽፈናል። እወዳታለሁ። ከልደታ በኋላ በግንቦት አጎቶቼ ሽማግሌ ሆነው አባቷ ዘንድ እንዲሄዱልኝ አስቤአለሁ። አባቷ አቶ አባይነህ ባለርስት ናቸው፤ ዘር የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ደብዳቤ ጽፈው የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ፣ ቤተሰቤ በወርቅ ንግድ የተሰማራ ነው ብዬ መልሻለሁ። እንግሊዝኛ ያነባሉ። በየእሑዱ ጊዮርጊስ ያስቀድሳሉ፤ ሲመለሱም በደጅዎ ነው የሚያልፉት።

እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ይህን ቃል እኔ አልፈጠርኩትም። ትምህርት ቤት ሊያስገቡኝ እጄን ይዘው የሄዱ ዕለት ጸሐፊው «የአባቱ ሥራ ምንድነው?» ሲልዎ፣ «ነጋዴ ነበር» አሉት። አባቴ በወናፍ ሥር ኖሮ በወናፍ ሥር እንደሞተ እያወቅሁ ቀና ብዬ አየሁዎ። እጄን ጨመቅ አደረጉት። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ያስተማሩኝን ብቻ ነው የምናገረው።

የምለምንዎ ለዘለዓለም አይደለም። ሠርጉ እስኪያልፍ ድረስ «ጁወለር» ይባል። ከዚያ በኋላ እንደወደዱ ያስለውጡት፤ የቀለሙን ዋጋ እኔ ከዚህ እልካለሁ።

ታዛዥ ልጅዎ ገነነ

~

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 18 ቀን 1950 ዓ.ም.

ይድረስ ለገነነ ወልደሥላሴ።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ።

አፍረህብኛል። እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ደብዳቤህን አንብቤ ሱቁን ዘጋሁና ጊዮርጊስ ቅጥር ሄጄ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። በጣም ነው ሆድ የባሰኝ። ወናፍ እየነፋሁ ያሳደግሁት ልጅ፣ የወናፉ ጢስ እንዳይታይበት በሬን ዝጊልኝ ይለኛል።

ግን የጻፍከው እውነት ነው። እጅህን የጨመቅሁት እኔ ነኝ። አልረሳሁትም። በዚያ ሳምንት የጎረቤት ልጆች «የቀጥቃጭ ልጅ፣ ዓይኑ ይበላል» ብለው አብረውህ እንጀራ አንቆርስም ብለውህ እያለቀስክ መጥተህ ነበር። ትምህርት ቤትም እንዳይደግሙብህ ብዬ ዋሸሁ። ያዳንኩህ መስሎኝ ነበር። ለካ አባትህን በአንድ ቃል ገድዬ፣ አንተንም ዕድሜህን ሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጬሃለሁ። ይህ የኔ ስሕተት ነው፤ ይቅር በለኝ። ስሕተቱ የኔ ስለሆነ ደግሞ የማቃናውም እኔው ነኝ።

ሌላም ነገር ስማ። ያች መምህርት ቀለበት ልታስጠብብ መጥታ ነበር፤ አስተርጓሚ ይዛ። «ስሚዝ» ማለት ምን ማለት ነው አልኳት። ቀጥቃጭ ማለት ነው፣ አገራችን ከዚህ ስም የበዛ የለም አለችኝ። ጎልድስሚዞች በዋና ከተማቸው መሀል የራሳቸው አዳራሽ እንዳላቸውም ነገረችኝ። አንተ የቀጥቃጭ ስም በተሸከመች ደግ ሴት ቤት እያደርክ፣ እሷ የሠራችልህን ሹራብ ለብሰህ፣ ብረት እንዴት እንደሚቀልጥ ከመጽሐፍ እየተማርክ፣ «የከሰል ሽታ አለበት» ትለኛለህ። አይ ልጄ።

አሁን ልቤ የቆረጠውን ልንገርህ። ለሚያዝያ ጊዮርጊስ፣ በሃያ ሦስት፣ ታፔላው ይሰቀላል። «ጎልድስሚዝ» ይላል። በዚያ ቀን አገር ሁሉ በደጄ ያልፋል፤ አቶ አባይነህም ያልፋሉ። ላሰናክልህ አልፈልግም። ያች ልጅ ግን ከታፔላ አንብባ ከምታውቅ ካንተ ብትሰማው ይሻላል። እስከዚያ አንድ ወር አለህ። ወረቀትና ቀለም አለህ። ለእኔ አትጻፍ፣ ለእሷ ጻፍ።

ሞረዱን ተወው፤ በአሮጌው እሠራለሁ።

አክስትህ አሰፋች

~

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1950 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገነነ።

ትንሣኤው እንዴት ነበር? እዚያ አገር ዶሮ የሚያርድልህ ሰው አላገኘህም መቼም።

ከአንተ ድምፅ ሳልሰማ ሃያ ሦስት ደረሰ። አብዱልሃሚድ በዋዜማው መጥቶ ከወረቀት እያየ አንድ በአንድ ጻፈው። ሲጨርስ ቆጠረና «ዘጠኝ ፊደል ነው፤ ያኛው እኮ ስምንት ነበር። ለአንዲት ፊደል ነው ይህን ሁሉ ወር ያስጠበቁኝ?» አለኝ። ሻይ ጋበዝኩት።

በማግሥቱ ታቦቱ ገብቶ ሰው ሲበተን በሬ ላይ ቆምኩ። አቶ አባይነህን አላውቃቸውም ነበር። አንድ ካባ የደረቡ ሽማግሌ ታፔላው ፊት ቆመው ረጅም ጊዜ ሲያነቡ ግን እሳቸው እንደሆኑ አወቅሁ። ከዚያ እኔን አዩኝ። እጅ ነሣሁ። አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። ፈራሁ፣ አልዋሽህም። ግን ወደ ውስጥ አልገባሁም።

ሰኞ ከምሳ በኋላ አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ የተሰበረ ጉትቻ ይዛ ገባች። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም።

«ጎልድስሚዟ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። ከአራት ዓመት በፊት አፌ ላይ የቀረችው ቃል ያን ጊዜ ወጣች።

«እኔ አዳነች ነኝ። ገነነ ጽፎልኛል» አለችና ተቀመጠች።

ሦስት ገጽ እንደጻፍክላት፣ ስለ አባትህም ስለ እኔም ምንም እንዳልደበቅህ ነገረችኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። የጠዋቱ ጢስ ነው አልኳት። ደብዳቤህ በደረሳት ማታ ለአባቷ አንብባላቸው ነበር፤ ታፔላዬ ፊት የቆሙት አውቀው፣ በዓይናቸው ሊያዩ ነው። ቤት ሲገቡ «የቀጥቃጭ ሽማግሌ ደጄን እንዳይረግጥ» ብለዋል። ይህን የነገረችኝ ጉትቻዋን እያቀበለችኝ ነው። «አባቴን ለእኔ ይተዉልኝ። እናንተ ግን ሽማግሌ መላኩን አትተዉ። አንዴ ይመልሷቸዋል፣ ሁለቴ ይመልሷቸዋል። እኔም ሌላ ሰው አላገባም» አለችኝ።

ጉትቻዋን ለመበየድ እሳት ሳቀጣጥል ተነሥታ ነጠላዋን ወደ ኋላ አጣፋች። ወናፉን እኔ ልያዝ አለች። ልጄ፣ በሩ ተከፍቷል፣ መንገዱ ሰው ሞልቶታል፣ እዩኝ ማለት ነው አልኳት። ይዩኝ አለችና ነፋች። አነፋፏ አያምርም፤ አመዱን ሁሉ አልብሳኛለች። ይለመዳል።

አጎቶችህን አነጋግሬአለሁ። በግንቦት ይሄዳሉ፤ ይመለሳሉ። በኅዳርም ይሄዳሉ። የፈለግኸው ፎቶግራፍ እዚህ ውስጥ ነው። ጸጉሬ ላይ ያለው ነጭ የሷ አመድ ነው፣ እርጅና እንዳይመስልህ።

ያሰብከውን ያሳካልህ፣ ያጎበጥኩህን ያቃናልህ።

አክስትህ አሰፋች

~

ሼፊልድ፣ ሰኔ 2 ቀን 1950 ዓ.ም.

እናቴም አባቴም ለሆኑት ለእትዬ አሰፋች።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎን ይማርልኝ። ዝም ያልኩት ለእሷ ጻፍ፣ ለእኔ አትጻፍ ስላሉኝ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን አፍሬ ነው። ለእሷ የጻፍኩትን ፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ከከተትኩ በኋላ እጄን አስገብቼ ላወጣው ሞክሬ ነበር፤ አልደረስኩበትም።

አጎቶቼ ከአቶ አባይነህ ደጅ መመለሳቸውን አዳነች ጽፋልኛለች። ዝናብ ላይ አቁመዋቸዋል። ለኅዳር ጠንካራ ጫማ እልክላቸዋለሁ።

ፎቶግራፉን ለሚስስ ስሚዝ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ታፔላውን አነበቡና «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» አሉኝ። የሟች ባላቸው ወንድም የሞረድ ሠሪ ቤት አለው፤ ቅዳሜ ይዘውኝ ሄዱ። ጢሱና የከሰሉ ሽታ ከመንገዱ ማዶ ነው የተቀበለኝ። የእርስዎ ቤት ሽታ ነው። ደጁ ላይ ትንሽ ቆምኩ።

ሰውየው ሽማግሌ ነው፤ እጁ እንደ እርስዎ እጅ ጠባሳ ብቻ ነው። አንድ ጎኑ ክብ፣ አንድ ጎኑ ዝርግ የሆነ ሞረድ ስለው ከመደርደሪያው አንዱን አነሣና ሊጠቀልልልኝ ወረቀት አወጣ። እግረ መንገዱንም ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ለአክስቴ» አልኩት። «አክስቴ ጎልድስሚዝ ናቸው። አባቴም ነበር።»

ያን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሰውየው ያነሣውን ሞረድ ወደ ቦታው መለሰው። «መጀመሪያውኑ እንዲህ አትለኝም?» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ይህን አሁን በእጅዎ የያዙትን፣ ለራሱ አስቀምጦት የኖረውን፣ በዘይት ወረቀት እንደተጠቀለለ ሰጠኝ።

የአንጥረኛዋ ልጅ፣
ገነነ ወልደሥላሴ